ሄግራና ፔትራ፦ በአስጎብኚ ወይስ ያለ አስጎብኚ?

ማክዳ ከሪያድ
ኅዳር 3፣ ማታ

ሰላም ለእናንተ ይሁን የመድረኩ አባላት። ኑሮዬ ሪያድ ነው። ታኅሣሥ ላይ እረፍት አለኝና ከታላቅ እህቴ ጋር አል-ኡላ ሄደን ሄግራን ለማየት ቆርጠናል፤ የአገሩ ሰው መዳኢን ሳሊሕ የሚለውን ማለቴ ነው። ገንዘባችን ከበቃ ደግሞ ወደ ዮርዳኖስ አቅንተን ፔትራን እንጨምራለን። ሁለቱም ናባታውያን የተባሉ የጥንት የዐረብ ነጋዴዎች ከተሞች ነበሩ፤ ከደቡብ ዐረብ የተነሣ ዕጣንና ከርቤ በግመል ተጭኖ ወደ ጋዛ ወደብ ሲጓዝ በእነርሱ በኩል ያልፍ ነበር። ዕጣን በሚጨስበት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና መንገዱን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄዬ ስለ አስጎብኚ ነው። ቀደም ሲል በሌላ አገር አንድ አስጎብኚ ይዘን ነበር። ፍርስራሹን እያጣደፈ ካዞረን በኋላ የቀረውን ቀን ምንጣፍ ቤት አስቀምጦን ዋለ። ከዚያ ወዲህ እህቴ አስጎብኚ የሚባል ነገር መስማት አትፈልግም። እኔ ደግሞ ምኑም ሳይገባኝ ድንጋይ አይቼ መመለስ አልሻም። ቦታዎቹን የምታውቁ ሰዎች ምን ትመክሩናላችሁ?


ዓለት ወዳድ
ኅዳር 3፣ ሌሊት

እህት ማክዳ፣ እኔ የምኖረው ዐማን ነው፤ ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ፔትራ ይዤ መውረድ ልማዴ ሆኗል።

ሄግራ ላይ ምርጫ የላችሁም። ቦታውን ብቻችሁን መዞር አይፈቀድም፤ አስቀድማችሁ ቲኬት ቆርጣችሁ በተፈቀደ መኪና ከአስጎብኚ ጋር ነው የምትገቡት። ፔትራ ግን ቲኬት የያዘ ሁሉ እንደ ልቡ ይዞራል። ስለዚህ ክርክሩ ስለ ፔትራ ብቻ ነው፤ የእኔ መልስ ደግሞ ቢያንስ ለመጀመሪያው ቀን ያዙ የሚል ነው።

ምክንያቴን በአንድ ነገር ላስረዳ። ወደ ከተማዋ የሚገባው ሲቅ በሚባለው ጠባብ የዓለት መተላለፊያ ነው፤ ርዝመቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ውስጥ ግመሎችና ሳቢያቸው የተቀረጹበት ግድግዳ አለ። በተሠራበት ዘመን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ምስል ነበር፤ ጎርፍና ነፋስ በልቶት ዛሬ በደንብ የሚታየው የግመሎቹ እግር፣ የሰውየው እግርና የቀሚሱ ጫፍ ነው። የሲራራ ነጋዴ ምስል እንግዲህ ይህ ነው፤ ለዚያ ሁሉ ሀብት ምንጭ የሆነው ሰው ራሱ በከተማው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ሕዝቡ ግን መጨረሻ ላይ ያለውን፣ ኸዝኔ የሚባለውን ከዓለት የተፈለፈለ ሕንፃ ለማየት ስለሚጣደፍ ቀና ብሎም አያየው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ካልሆነ በቀር እግሮቹ ከዓለቱ አይለዩም፤ የት ቆሞ ማየት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ኸዝኔ ራሱ ወደ 40 ሜትር ይጠጋል፤ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። ላሊበላን የሳመ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ብዙ ሊቃውንት የናባታውያኑ ንጉሥ የአሬታስ አራተኛ መቃብር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህ ንጉሥ እስከ 40 ዓ.ም. ገደማ የገዛ ሲሆን ቅዱስ ጳውሎስ በደማስቆ ቅጥር በቅርጫት የወረደው የእርሱ ሹም ሊይዘው ሲጠብቀው ነው፤ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 11 ይገኛል። ይህን ለኢትዮጵያውያን እንግዶች ስነግራቸው ዓለቱን የሚያዩበት ዓይን ይለወጣል።


ብቻዬን ተጓዥ
ኅዳር 4፣ ጠዋት

በአክብሮት እለያለሁ። ፔትራን ያለ አስጎብኚ ነው ያየሁት፤ ደግሜ ብሄድም እንደዚያው አደርጋለሁ።

አስጎብኚ ፊት ለፊት ካለ ጆሮ እንጂ ዓይን አይሠራም። ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን ተረቱን ከታሪኩ ሳይለዩ ማውራታቸው ነው። ኸዝኔ አናት ላይ ያለውን የድንጋይ ጋን እያሳዩ የፈርዖን ወርቅ እዚያ ውስጥ ተደብቋል የሚለውን ይተርኩላችኋል። ጋኑ ድፍን ድንጋይ ነው፤ ወርቁ ይፈስሳል ብለው የተኮሱበት ሰዎች የጥይት ጠባሳ እስከ ዛሬ ይታያል። አንድ ቡድን ይህን ተረት እንደ እውነት ሰምቶ ፎቶ አንሥቶ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። አስቀድሞ አንብቦ፣ ካርታ ይዞ፣ በንጋት ገብቶ በዝምታ መዞር ይሻላል። የንጉሣውያን መቃብሮች በሚባሉት ውስጥ ብቻችሁን ቆማችሁ የዓለቱን ቀለም ተመልከቱ፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ወይን ጠጁ በጣራው ላይ እንደ ጥለት ተደርድሮ ታያላችሁ። ለዚያ ገላጭ አያስፈልግም።


የነገቭ ሰው
ኅዳር 4፣ ቀትር

ወንድሜ ብቻዬን ተጓዥ፣ ስለ ተረቱ ያልከው ትክክል ነው። ነገር ግን በበረሃ ከተማ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ዓይን ውስጥ አይገባም። እርሱም ውሃ ነው።

እኔ የእስራኤሏ ቤርሳቤህ ነዋሪ ነኝ፤ እዚሁ ደጃችን ላይ ያሉትን የናባታውያን ከተሞች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ሃሉጻ፣ ማምሺት፣ አቭዳትና ሺቭታ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አቭዳት በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። እንግዲህ በዚያ ምድር ላይ ከተማ ቆመ፣ ቤተ ክርስቲያን ታነጸ፣ ወይን ተጠመቀ። የወይን መጭመቂያዎቹ እስከ ዛሬ አሉ። እንዴት ሆነ ብሎ ያልጠየቀ ሰው አቭዳትን አየሁ ቢል እኔ አልቀበለውም።

መልሱ ያለው ከከተማው ውጭ በኮረብታው ላይ ነው። ቁልቁለቱን ስታዩ በመስመር የተደረደሩ ትናንሽ የድንጋይ ክምሮች ይታያሉ፤ ከሥር ደግሞ ሸለቆው በዝቅተኛ የድንጋይ ግድግዳ እርከን እርከን ሆኖ ተከፋፍሏል። ድንጋዩ ተለቅሞ ሲከመር የተገለጠው አፈር ዝናብ ሲመታው ወዲያው ገጹ ይደፈንና ውሃ አያስገባም፤ ውሃው ሳይሰርግ ቁልቁል ይሮጣል። ገበሬዎቹ ያንን ጎርፍ በቦይ እየመሩ ወደ እርከኑ ያስገቡት ነበር። ለ1 ሄክታር እርሻ ከ20 እስከ 30 ሄክታር የሚሆን ኮረብታ ውሃውን ይሰጣል። የሥራው አብዛኛው ክፍል የተስፋፋው ናባታውያን ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ በቢዛንታይን ዘመን ነው። ማይክል ኤቨናሪ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አቭዳት አጠገብ አንዱን የጥንት እርሻ መልሶ አቋቁሞ በጎርፍ ውሃ ብቻ የፍራፍሬ ዛፍ አብቅሏል። ይህን የማያውቅ ሰው ክምሩን ድንጋይ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኔም የሚያስረዳኝ ሰው እስካገኝ ድረስ ከዚያ በቀር ሌላ ነገር አላየሁበትም።

ፔትራም ቢሆን ያው ነው። ሲቁን ስታልፉ ዓለቱ ላይ በወገብ ከፍታ የተጠረበ ቦይ ታያላችሁ፤ በሌላው ጎን ደግሞ የሸክላ ቱቦ የተቀበረበት መስመር አለ። የመጠጥ ውሃ በዚያ ይገባል፤ አጥፊው ጎርፍ ግን ሲቁ አፍ ላይ በተሠራ ግድብ ተገትቶ በዓለት ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ በሌላ በኩል ይወጣል። ከተማውን ያቆመው ኸዝኔ አይደለም፣ ይህ ቦይ ነው። እህት ማክዳ፣ አስጎብኚ ስትይዢ መጀመሪያ ውሃውን አሳየኝ በዪው።


አክሱማዊው
ኅዳር 4፣ ማታ

ልጆች፣ ክርክራችሁን በደስታ ነው የማነበው። እኔ በአክሱም ጎብኚ ሳዞር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ሙያው ጥቂት ልበል።

አስጎብኚ በዚያ በረሃ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው የሚያሳይ የቆየ ታሪክ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ዓመት ገደማ አውግስጦስ ቄሣር የግብጹን ገዥ ኤልዮስ ጋሉስን የዕጣኑን አገር እንዲይዝ ወደ ደቡብ ዐረብ ላከው። መንገድ መሪው የናባታውያን ንጉሥ ሹም ሲሌዎስ ነበር። ሠራዊቱ ውሃ በሌለበት ምድር ሲንከራተት ለመሄድ 6 ወር ፈጀበት፤ ሲመለስ ግን በሌላ መንገድ 60 ቀን ብቻ በቃው። የግሪኩ ጸሐፊ ስትራቦን ሲሌዎስ ሆነ ብሎ አሳስቷቸዋል ብሎ ጽፏል። ስትራቦን የጋሉስ ወዳጅ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በመሪው ላይ ጭኖ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ያም ሆነ ይህ ውሃው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የሮማን ሠራዊት ያህል ኃይል ነበረው። ናባታውያን የከበሩት ዕጣን አብቅለው ሳይሆን መንገዱንና ጉድጓዱን አውቀው ነው።

ሮማዊው ፕሊኒም ሒሳቡን አስቀምጦታል። ከየመኑ ቲምና እስከ ጋዛ 65 የግመል ማደሪያ ነበር፤ እዚህ ለውሃ፣ እዚያ ለመኖ፣ ሌላ ቦታ ለማደሪያና ለቀረጥ እየተከፈለ ለአንድ ግመል ወጪው 688 የሮማ ዲናር ይደርስ ነበር። ዕጣኑ ሮም ሲገባ ዋጋው ለምን እሳት እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል። መርከበኞች የቀይ ባሕርን ነፋስ እየለመዱ ሲመጡ ግን ንግዱ ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩ ዞረ፤ የእኛው አዱሊስም ከዚያ ተጠቃሚ ሆነች። አክሱም ስትነሣና የግመሉ መንገድ ሲደክም ዘመኑ የተቀራረበው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

አሁን ልጄ ማክዳ፣ ጥሩ አስጎብኚ እንዴት እንደሚለይ ልንገርሽ፦ ገንዘብ ሳትከፍዪ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቂው። ውሃው ከየት ይመጣ ነበር? ነጋዴዎቹ የት ያድሩ ነበር? ሁለቱን አጥርቶ የመለሰ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ንግግሩን አድምጪ፤ "በቁፋሮ ተገኝቷል" እና "እንዲህ ይባላል" የሚሉትን ለይቶ የሚናገር ከሆነ ያዢው። ሁሉን በእርግጠኝነት የሚናገረውን ተይው። ተረቱም መነገር አለበት፤ ተረት ነው ተብሎ ይነገር እንጂ። ሦስተኛ፣ ሱቅ እንደማትገቡ ከመነሻው በግልጽ ተነጋገሩ። በዚህ የሚቀየም አስጎብኚ ከሆነ ቀድሞውንም የመጣው ለሱቁ ነው።


ማክዳ ከሪያድ
ኅዳር 5፣ ጠዋት

ጋሼ አክሱማዊው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጥያቄዎቹን ጽፌ ይዣለሁ። እህቴም የሲሌዎስን ታሪክ ሳነብላት ትንሽ ለስለስ ብላለች።

ሁለት ነገር ልጨምር። እህቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ፔትራ ላይ ምን ያህል መውጣትና መውረድ አለ? ሄግራን ያያችሁ ደግሞ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ መዞር ቦታውን አያሳጣም ወይ?


ሐና ዘጅዳ
ኅዳር 5፣ ቀትር

ማክዳ እህቴ፣ ስለ ሄግራ እኔ ልመልስልሽ። አያሳጣም። ቦታው ሰፊ ሜዳ ነው፤ ዓለቶቹ ተራርቀው ስለቆሙ በእግር የሚዘለቅ አይደለም። አውቶቡሱ በየጣቢያው ያወርድሻል፤ ራዊ የሚባሉት የአካባቢው ልጆች ያስረዱሻል፤ እኔ ያገኘኋት ወጣት ሴት ነበረች፤ በእውቀቷ እጅግ ኮርቼባታለሁ። ሄግራ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመዘገበ የሳዑዲ የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ ነው። 111 ትልልቅ መቃብሮች አሉት፤ 94ቱ ፊታቸው ያጌጠ ነው።

ፎቶው በየቦታው የሚታየው ቀስር አል-ፈሪድ ብቻውን በቆመ ዓለት ላይ የተጠረበ ነው። ሥራው አላለቀም። የላይኛው ክፍል ልስልስ ብሎ ተጠናቋል፤ ወደ ታች ስትወርጂ ግን ድንጋዩ ሻካራ ይሆናል፣ የመሮው ጭረት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጠራቢዎቹ ከላይ ጀምረው ሲወርዱ የት ጋ እንዳቆሙ በጣትሽ ልታሳዪ ትችያለሽ። ከተጠናቀቁት ሁሉ ይልቅ እርሱ ያስተምራል።

የእኔ ልብ የቀረው ግን ጽሑፎቹ ላይ ነው። ፔትራ ውስጥ መቃብሮቹ ከሞላ ጎደል ዝም ያሉ ናቸው፤ ሄግራ ግን ብዙዎቹ በራቸው ላይ የባለቤቱ ስም፣ ዓመቱና ርግማኑ ተቀርጿል። አንዱን ያሠራችው ካምካም የምትባል ሴት ናት፣ ከልጇ ከኩለይባት ጋር። ዘመኑ የአሬታስ አራተኛ 9ኛ ዓመት ነው፤ ወንድሜ ዓለት ወዳድ የጠቀሰው ንጉሥ ማለት ነው። መቃብሩን የሚሸጥ፣ የሚገዛ ወይም በመያዣ የሚሰጥ ሁሉ በአምላካቸው በዱሻራና በሌሎቹ አማልክት የተረገመ ይሁን ይላል፤ መቀጮውም ተወስኗል። ጠራቢው እንኳን ስሙን አስፍሯል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሴት ልጅ በስሟ ንብረት ይዛ፣ ለሴት ልጇ አውርሳ፣ በሕግ አስጠብቃ! ራዊዋ ይህን ስታነብልን ብዙዎቻችን የመጣነው ሠርተን ለቤተሰብ ለመላክ ነበርና ንግግሩ ቆመ። ያለ እርሷ ያ ጽሑፍ ለእኔ ጭረት ብቻ ይሆን ነበር።

የድሮው የሒጃዝ ባቡር ጣቢያም እዚያው አለ፤ ከደማስቆ እስከ መዲና የተዘረጋው ሐዲድ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1908 ሲሠራ በዚያው በሲራራው አቅጣጫ ነው ያለፈው። ጊዜ ካላችሁ ጀበል ኢክማን ጨምሩ፤ ሸለቆው ሙሉ ከናባታውያን በፊት በነበሩት በዳዳንና በሊሕያን ሰዎች ጽሑፍ ተሞልቷል።


ዓለት ወዳድ
ኅዳር 5፣ ማታ

ሐና፣ የካምካምን ነገር ስላነሣሽ ደስ ብሎኛል።

ማክዳ፣ ለእህትሽ ጉልበት፦ ከመግቢያው እስከ ኸዝኔ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሲመለሱ ዳገት ይሆናል። ሲቁን የሚያመላልሱ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስላሉ በመመለሻው ተጠቀሙባቸው። ደይር የሚባለው ግዙፍ ሕንፃ ግን ከ800 በላይ ደረጃ ይወጣል። ያንን አንቺ ብቻሽን ውጪ፤ እርሷ ከታች በትልቁ ቤተ መቅደስና በቢዛንታይኑ ቤተ ክርስቲያን ትቆይ። የቤተ ክርስቲያኑ የግራና የቀኝ ወለል በሞዛይክ የተሸፈነ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በእሳት የከሰሉ የፓፒረስ ጥቅሎች የተገኙትም እዚያው ነው፤ የቤት ሽያጭ፣ የርስት ክፍፍል፣ የጋብቻ ውል ሰፍሮባቸዋል። አህያ ላይ ተቀምጣችሁ ደረጃውን እንድትወጡ የሚጎተጉቷችሁ ይኖራሉ፤ እባካችሁ እምቢ በሉ። እንስሳቱ በዚያ ደረጃ ላይ ሲሠቃዩ አይቻለሁ። ከትምህርት ቤት ቀርተው ፖስትካርድ ከሚሸጡ ሕፃናትም አትግዙ፤ መግዛታችሁ እዚያው ያስቀራቸዋል። ከአዋቂዎቹ ሻይ ጠጡ፣ ዕቃም ግዙ። የበዱል ጎሣ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ አዲሱ መንደር እስኪዛወሩ ድረስ በእነዚያ ዋሻዎች ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱ ጋር የሚደረግ ጨዋታ በየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ታኅሣሥ የዝናብ ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቁ ውስጥ ጎርፍ ደርሶ ከ20 በላይ የፈረንሳይ ጎብኚዎች ሞተዋል፤ የናባታውያኑ ግድብ እንደገና የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018ም በሺዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎችን በጥድፊያ ማስወጣት አስፈልጎ ነበር። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሩቅ ተራራ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ጥበቃዎቹ ውጡ ካሏችሁ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቁ ውጡ። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ይህንን ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ይሰማል፤ ለእኔ ይህ ብቻ እንኳን ለመያዝ በቂ ምክንያት ነው።


ብቻዬን ተጓዥ
ኅዳር 6፣ ጠዋት

ስለ ጎርፉ የተባለውን አጥብቄ እደግፋለሁ። ስለ ዝምታውም ያልሁትን አልለቅም። ማክዳ፣ የሁለት ቀን ቲኬት ግዢ፤ ለአንድ ሌሊት ለሚያድር ጎብኚ የአንድ ቀኑ 50 የዮርዳኖስ ዲናር ሲሆን የሁለት ቀኑ 55 ነው፤ ልዩነቱ ምንም ማለት አይደለም። አንደኛውን ቀን ከአስጎብኚ ጋር ውሃውን፣ ግመሎቹን፣ ቤተ ክርስቲያኑን እዩ። ሁለተኛውን ቀን ማንም ሳይከተላችሁ ግቡ። ትንሿ ፔትራም ቅርብ ናት፤ ነጋዴዎች ያርፉባት ነበር ይባላል። እዚያ መግቢያ አይከፈልም፤ አንድ ክፍል ጣራው ላይ የወይን ሐረግና ወፎች የተሣሉበት የናባታውያን ቀለም ቅብ አለ።


የነገቭ ሰው
ኅዳር 6፣ ቀትር

በዚህ እስማማለሁ። በእኛ በኩል ለምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ፦ ዲሞና ያላችሁ ወገኖች ማምሺት ደጃችሁ ላይ ናት። የፈረስ ጋጣዎቹን ሳታዩ አትመለሱ፤ ቅስቶቹ መካከል የድንጋይ ግርግሞቹ እንደ ተቀመጡ ናቸው። እዚያው በነሐስ ማሰሮ ውስጥ 10,500 ያህል የብር ሳንቲም ተገኝቷል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በበጋው ግን አይሞከርም፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይሁን።


ማክዳ ከሪያድ
ኅዳር 6፣ ማታ

እህቴ ተስማምታለች፤ ሄግራ ከራዊዎቹ ጋር፣ ፔትራ አንድ ቀን በአስጎብኚ፣ አንድ ቀን ብቻችንን። የካምካምን መቃብር እንዲያሳዩን ከወዲሁ እጠይቃለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ቀረኝ፦ የፔትራውን አስጎብኚ ከዚህ ሆነን እንያዝ ወይስ እዚያ ደርሰን?


ዓለት ወዳድ
ኅዳር 6፣ ሌሊት

እዚያ ደርሳችሁ። ፔትራ መግቢያ ባለችው በዋዲ ሙሳ ከተማ ያለው የጎብኚዎች ማዕከል ፈቃድ ያላቸውን አስጎብኚዎች በተለጠፈ ዋጋ ያቀርባል፤ የጋሼን ሁለት ጥያቄዎች እዚያው ጠይቃችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። በሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ሕዝቡ ሳይበዛ ድረሱ። የዮርዳኖስ ቪዛ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል በዚህ ሳምንት ኤምባሲውን ጠይቂ።